ምዕራፍ 4፦ መተላለፊያ ወይስ መዳረሻ?

ስለ ከተማ ትራፊክ ውይይት ሲነሳ ቀድማ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች፤ በዚህ ጎዳና በሰዓት ስንት መኪና ያልፋል? ጥያቄዋ ቀናና ምንም ጉዳት የሌላት ትመስላለች። ነገር ግን የምትቆጥረው አላፊውን ብቻ ነው። ወርዶ የሚገዛውን፣ የሚማረውን፣ የሚታከመውን፣ በጎዳናው ዳር የሚኖረውን አትቆጥርም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች በዚህች ጥያቄ ተመርተው የመሐል ከተማቸውን ዋና ዋና ጎዳናዎች ባለአንድ አቅጣጫ፣ በእኛ አሽከርካሪዎች አነጋገር ዋን ዌይ፣ አደረጓቸው። ዛሬ ከእነዚያ ከተሞች ብዙዎቹ አስፋልት ላይ የሳሉትን ቀስት እየፋቁ ጎዳናዎቻቸውን ወደ ሁለት አቅጣጫ እየመለሱ ነው። የዚህ ምዕራፍ አቋም መመለሳቸው ትክክል ነው የሚል ነው። ሰው ወደ መሐል ከተማ የሚመጣው ሊደርስበት ስለሆነ የጎዳናው ውጤትም መለካት ያለበት በሚያደርሰው ሰው ብዛትና ደኅንነት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለአንድ አቅጣጫ ጎዳና ከመኪና በፊትም ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሎንዶን ውስጥ የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ለመስማት ወደ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚጎርፉት ሰዎች ሰረገላዎች አልቤማርል ጎዳናን እየዘጉ ስላስቸገሩ መንገዱ ባንድ በኩል ብቻ እንዲሄዱበት ተደርጎ ነበር። ያ ግን ለአንድ ጎዳና የተሰጠ መፍትሔ ነው። ሙሉ መሐል ከተማን በአንድ አቅጣጫ ማደራጀት የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በመሐል ጎዳናዎች በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለሱ የነበሩት የኤሌክትሪክ ባቡሮች ከየከተማው ሲነሱ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ለመኪና ተለቀቀ። ደመወዝተኛው ከከተማ ዳር ወደተሠሩ አዳዲስ መንደሮች ሄዶ ሰፈረ፤ ጠዋት ወደ መሐል ይገባል፣ ማታ ይወጣል። የካናዳዋ የብረት ከተማ ሃሚልተን በ1956 የአማካሪውን የዊልበር ስሚዝን ዕቅድ ተቀብላ ሜይንና ኪንግ የተባሉትን ዋና ጎዳናዎቿን ዋን ዌይ አደረገች። በዴንቨር፣ በባልቲሞር ከዚያም በኒውዮርክ የትራፊክ ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ባርንስም የዚህ አሠራር ታዋቂ አራማጅ ነበር፤ የኒውዮርክ ፊፍዝ አቬኑና ማዲሰን አቬኑ በ1966 መጀመሪያ ባለአንድ አቅጣጫ የሆኑት በእሱ የሥራ ዘመን ነው።

መሐንዲሶቹ ይህን ሲያደርጉ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያታቸውም ዛሬ ድረስ ተገቢ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ባለሁለት አቅጣጫ በሆነ መስቀለኛ መንገድ ላይ ዋናው ችግር ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ነው። ከፊት የሚመጣው እስኪያልፍለት መቆም አለበት፤ እሱ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ለእሱ ብቻ የሚበራ የትራፊክ መብራት ቢጨመር ደግሞ ለሌሎቹ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል። በዋን ዌይ ይህ ችግር ይወገዳል፤ ፊት ለፊት መጋጨትም ይቀራል። ከሁሉ በላይ መብራቶቹን በተርታ ማቀናጀት ይቻላል፤ በተወሰነ ፍጥነት የሚሄድ አሽከርካሪ አንዱ አረንጓዴ ከሌላው እየተቀበለው ሳይቆም ከተማውን ያቋርጣል። ጎዳናን ውሃ እንደሚያስተላልፍ ቧንቧ ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም። ችግሩ የሚጀምረው ቧንቧው የሚያልፈው በሰዎች መኖሪያና መገበያያ መካከል መሆኑ ሲታሰብ ነው።

በዋን ዌይ የተጠቀመው ማን እንደሆነ መጠየቅም ያስፈልጋል። ጎዳናው የተሰላው በቀን ውስጥ ለሁለት አጭር ጊዜያት፣ ለጠዋት መግቢያና ለማታ መውጫ ነው። በቀሩት ሰዓታት ሦስትና አራት ረድፍ ያለው ሰፊ አስፋልት ባዶውን ተኝቶ አሽከርካሪውን ፍጠን ይለዋል። ጥቅሙን ይዞ የሚሄደው ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው ሲሆን ጫጫታው፣ ጭሱና አደጋው የሚቀረው በመንገዱ ዳር ለሚኖረው ነው። ከዚያም ዘመኑ ተለወጠ። ኢንዲያና ግዛት ያለችው የሳውዝ ቤንድ ከተማ ትልቁን የስቱድቤከር መኪና ፋብሪካዋን በ1963 መጨረሻ አጣች፤ ሠራተኛው ሲበተን የሥራ መግቢያና መውጫው ግርግርም ቀዘቀዘ፤ ፈጣኖቹ ባለአንድ አቅጣጫ ጎዳናዎች ግን ለአሥርት ዓመታት እንዳሉ ቆዩ። ከተማዋ በከንቲባ ፒት ቡቲጄጅ ዘመን ወደ ሁለት አቅጣጫ ስትመልሳቸው ያደረገችው ነገር የመንገዱን ቅርጽ አሁን ካለው ሥራው ጋር ማስማማት ነው።

የሉዊቪል ማስረጃ

እስካሁን ያልነው አመክንዮ ነው። ከማስረጃዎቹ መካከል በሰፊው የሚታወቀው የመጣው ከኬንታኪ ግዛት ከሉዊቪል ከተማ ነው። በ2011 ከተማዋ ብሩክና ፈርስት የተባሉትን ሁለት ትይዩ ባለአንድ አቅጣጫ ጎዳናዎች ወደ ሁለት አቅጣጫ ለወጠች። ከጎናቸው ያሉት ሰከንድና ሰርድ ጎዳናዎች ግን እንደነበሩ ቆዩ። የከተማ ጥናት ምሁራኑ ዊልያም ሪግስና ጆን ጊልደርብሉም ይህን አጋጣሚ ለንጽጽር ተጠቀሙበት፤ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ የአየር ጠባይ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ጎን ለጎን መመልከት ቻሉ። ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ዓመታት ሲያነጻጽሩ የመኪና ግጭት በአንደኛው ጎዳና በ36 በመቶ፣ በሌላኛው በ60 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ወንጀል በሩብ ያህል ቀነሰ። የቤቶቹ ዋጋም ጨመረ። እጅግ የሚያስገርመው ደግሞ በጎዳናዎቹ የሚያልፈው መኪና ቁጥር አለመቀነሱ ነው፤ እንዲያውም ጨመረ። መኪናው በዝቶ ግጭቱ ከቀነሰ፣ ለውጡ የመጣው ሰው መንገዱን ስለሸሸው ነው ማለት አይቻልም። ተመራማሪዎቹ ከሁለቱ ጎዳናዎች አልፈው ከተማውን በሙሉ ሲመለከቱ ደግሞ ብዙ ረድፍ ያለው ዋን ዌይ በሚያልፍባቸው ሰፈሮች የግጭት ዕድል በሌሎቹ ሰፈሮች ካለው እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት።

ፊት ለፊት መጋጨት በማይቻልበት መንገድ ላይ አደጋ ለምን ይበዛል? መልሱ ያለው በፍጥነትና በእይታ ውስጥ ነው። ከፊቱ የሚመጣ መኪና የሌለበት፣ ሰፊ ረድፎች ተደርድረው የሚያይና አረንጓዴ መብራት ተከታትሎ የሚበራለት አሽከርካሪ ሳይታወቀው ይፈጥናል። ፍጥነት ደግሞ እግረኛን የሚጎዳው በእኩል ደረጃ እየጨመረ አይደለም። የአሜሪካው ኤኤኤ የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን በ2011 ባወጣው ጥናት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሄድ መኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በአማካይ 10 በመቶ ነው፤ በ51 ኪሎ ሜትር 25 በመቶ፣ በ68 ኪሎ ሜትር ደግሞ 50 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሲለወጥ ትናንሽ ግጭቶች እንኳ ቢኖሩ የሚፈጸሙት በዝግታ ነው። መኪናው ተቧጭሮ፣ ባለቤቱ ተናዶ ሰዉ በሕይወት ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ልዩነት የግጭት ብዛት ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት አያሳየውም።

ሁለተኛው ምክንያት እይታ ነው። ሦስት ረድፍ ባለው ዋን ዌይ ላይ አንድ ጨዋ አሽከርካሪ በዜብራ ለሚሻገር ልጅ ቆመለት እንበል። የቆመው መኪና ልጁን በአጠገቡ ባለው ረድፍ ከሚመጣው አሽከርካሪ ይጋርደዋል። ያኛው መኪና መቆሙን እንጂ ለምን እንደቆመ አያይምና ቀድሞት ሊያልፍ ይሞክራል። የአንዱ ጨዋነት ለሌላው ወጥመድ የሚሆነው እንዲህ ነው። በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ባለው ባለሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ግን ፊተኛው መኪና ከቆመ የኋላውም ለመቆም ይገደዳል። ሃሚልተን ውስጥ ከ1978 እስከ 1994 ድረስ በሕፃናት ላይ የደረሱ የእግረኛ ጉዳቶችን ያጠኑ የጤና ተመራማሪዎች በባለአንድ አቅጣጫ ጎዳናዎች ላይ ያለው የጉዳት መጠን በባለሁለት አቅጣጫዎቹ ካለው 2.5 እጥፍ መሆኑን አሳይተዋል። ጥናቱ የታተመው በ2000 ነው። የሃሚልተን ምክር ቤት ሜይን ጎዳናን ወደ ሁለት አቅጣጫ ለመመለስ የወሰነው ግን ተደጋጋሚ የእግረኞች ሞት ከተማዋን ካስቆጣ በኋላ፣ በ2022 ነው። በማስረጃውና በውሳኔው መካከል ያለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የልማድን ክብደት ያሳያሉ።

«ትራፊኩ ይዘጋጋል» የሚለው ተቃውሞ

ከተቃውሞዎች ሁሉ የሚጠነክረው የመጨናነቅ ስጋት ነው። ወደ ግራ መታጠፍ ሲመለስ መብራቱ ይረዝማል፤ ሰልፉ ይበዛል፤ ታዲያ የመሐል ከተማው ሰው ምን ተጠቀመ? ተቃውሞው በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ብቻ ቆሞ ለሚቆጥር ሰው እውነት ነው። በመላው የመንገድ መረብ ላይ ሲታይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የመንገድ መሐንዲሶቹ ቪካሽ ጋያህና ካርሎስ ዳጋንዞ በ2012 ባሳተሙት ሥራ የጠየቁት ሌላ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጉዞ ይጠናቀቃል? በዋን ዌይ መረብ ላይ መድረሻውን አጠገቡ እያየ አልፎት ሄዶ፣ ዞሮ የሚመለስ መኪና በየመስቀለኛው ሲቆጠር ትራፊኩ ብዙ ያለፈ ያስመስለዋል። ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ የደረሰው ግን አንዴ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ጉዞዎች አጫጭር ሲሆኑ ባለሁለት አቅጣጫ መረብ በሰዓት ብዙ ጉዞ እንደሚያስተናግድ አሳዩ። ከፊት የሚመጣውን መኪና አቋርጦ ወደ ግራ መታጠፍ በመስቀለኛ መንገዶች ላይ ሲከለከል ደግሞ ባለሁለት አቅጣጫው ጉዞው ረጅም በሚሆንበት ጊዜም ከባለአንድ አቅጣጫው ይበልጣል። ጉዞ አጭር የሚሆነው የት ነው ቢባል ቤት፣ ሱቅ፣ ቢሮና ሐኪም ቤት ተቀራርበው ባሉበት በመሐል ከተማ ነው።

ይህ ማለት ማንም አሽከርካሪ አይዘገይም ማለት አይደለም። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ የሚያልፈው ሰው ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሊያጣ ይችላል፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ጥያቄው ያ ሰው በዚያ በኩል የማለፍ መብቱ በጎዳናው ዳር ከሚኖረው ሰው ሰላም ይበልጣል ወይ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ዙሪያ ከ1956ቱ የአውራ ጎዳና ሕግ በኋላ ለአላፊ ተብለው የተሠሩ ፈጣን መንገዶች አሉ። ሉዊቪል ውስጥ ብሩክ ጎዳና የሚሄደው ከኢንተርስቴት 65 ጎን ለጎን ነው። ለመብረር የሚፈልግ የተዘጋጀለት መንገድ እያለ የመኖሪያ ጎዳናውንም ደርቦ እንዲወስድ መፍቀድ አንዱን ጥቅም ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ባለሁለት አቅጣጫ ጎዳና ለአውቶቡስ ተሳፋሪና ለእንግዳም ይጠቅማል። በዋን ዌይ ከተማ ውስጥ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረድክበት ጎዳና ማታ ወደ ቤት አይመልስህም፤ መመለሻው ሌላ ጎዳና ላይ ነው። አገሩን ለማያውቅ፣ ለአረጋዊና በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ጣጣ አይደለም። እንግዳ አሽከርካሪም የሚፈልገውን ሆቴል እያየው «መግባት ክልክል ነው» በሚል ምልክት ይመለሳል። እንዲህ ዓይነቱ መሐል ከተማ አንዴ የመጣን ሰው ዳግመኛ እንዳይመጣ ያስተምረዋል።

ነጋዴዎች ይህን ከማንም በፊት ተረድተውታል። ማታ ወደ ቤት በሚወጣው ጎዳና ላይ ያለ ሱቅ ጠዋት ደንበኛ የለውም፤ ጠዋት በሚገባው ላይ ያለው ቁርስ ቤት ማታ ጨለማ ነው። በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ደግሞ የመስታወቱን ዕቃ አያይም፤ ቢያይም ለመቆም ሲወስን አልፎታል። በዋሽንግተን ግዛት የምትገኘው የቫንኩቨር ከተማ የሜይን ጎዳናዋን ንግድ ለማነቃቃት ለዓመታት ብዙ ገንዘብ አፍስሳ የሚጠበቀውን ያህል አልሆነላትም ነበር። በኅዳር 2008 ጎዳናውን ወደ ሁለት አቅጣጫ ስትመልሰው ነጋዴዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደንበኛ መጨመሩን ተናገሩ። ወቅቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በከፋበት፣ በየቦታው ሱቅ በሚዘጋበት ጊዜ እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ማስረጃው የማይለው

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠን ይገባል። ሉዊቪል ላይ ወንጀልና ግጭት የቀነሱት በቀስቱ መለወጥ ብቻ ነው ወይ? ሁለት ጎዳና የዓለም ሁሉ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ሰፈሩ በሌላ ምክንያት እየተሻሻለ ሊሆንም ይችላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። የመሐል ከተሞች ውድቀትም ዋን ዌይ ብቻውን ያመጣው አይደለም። እዚያው ሉዊቪል፣ ዛሬ በመሐመድ አሊ ስም የሚጠራው የቀድሞው ዋልነት ጎዳና የጥቁሮች ንግድና ሙዚቃ ማዕከል ነበር፤ ያንን ያጠፋው «የከተማ እድሳት» ተብሎ የመጣው የማፍረስ ዘመቻ ነው። ስለዚህ ቀስት መለወጥ የፈረሰውን ይመልሳል ብሎ ተስፋ መስጠት ሐሰት ነው። ሆኖም ማስረጃው ዝም ብሎ የተሰበሰበ ወሬ አይደለም። ያልተለወጡት ጎዳናዎች ከጎን አሉ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሸፈነው የሃሚልተን የሕፃናት ጥናት በሌላ አገር፣ በሌላ ዘዴ ተሠርቶ ወደዚያው አቅጣጫ ያመለክታል፤ ፍጥነት እግረኛን እንዴት እንደሚገድል ደግሞ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ሦስት የተለያዩ ማስረጃዎች አንድ ነገር ሲናገሩ እርምጃ ለመውሰድ በቂ ምክንያት አለ።

ሌላው ጠንካራ ተቃውሞ የመጣው በኦሪገን ግዛት ካለችው ከፖርትላንድ ነው። መሐል ከተማዋ ከአገሩ ለእግረኛ ከሚመቹት አንዱ ነው፤ ጎዳናዎቹ ግን በአብዛኛው ባለአንድ አቅጣጫ ናቸው። ታዲያ ዋን ዌይ ገዳይ ከሆነ እዚህ ለምን አልገደለም? መልሱ የምዕራፉን ሐሳብ ያጠናክረዋል። የፖርትላንድ ብሎኮች በየጎናቸው 200 ጫማ፣ ማለትም 61 ሜትር ገደማ ብቻ ናቸው፤ ጎዳናዎቿም ጠባብ ናቸው። መብራቶቹ የተቀናጁት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ለሚሄድ መኪና ነው፤ የሚበር ሰው በየብሎኩ ቀይ ያጋጥመዋል። ሌሎች ከተሞች ለማብረር የተጠቀሙበትን መሣሪያ ፖርትላንድ ለማዘግየት ተጠቀመችበት። እንግዲህ እያንዳንዱ ዋን ዌይ መፍረስ አለበት የሚል ሕግ የለም። በጠባብ የመንደር መንገድ ላይ፣ ወይም ለአውቶቡስና ለብስክሌት የተለየ ረድፍ ለማስገኘት ባለአንድ አቅጣጫ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። መጥፎው ብዙ ረድፍ ያለው፣ ለፍጥነት የተቀናጀ፣ በሰው መኖሪያና መገበያያ መካከል የሚያልፈው ነው። እሱን ዛሬውኑ መለወጥ ያልቻለች ከተማ መብራቶቹን በዝግታ ማቀናጀት ትችላለች፤ ለዚህ አዲስ አስፋልት አያስፈልግም።

ስለ ወጪ የሚነሳው ጥያቄም ትክክለኛ ነው። ለውጡ ቀስት ከመቀባት በላይ ነው፤ በሁሉም መስቀለኛ መንገድ ከሌላው አቅጣጫ ለሚመጣው መብራት መትከል፣ ምልክቶችን መቀየር፣ የአውቶቡስ ማቆሚያዎችን ማዛወር ያስፈልጋል። የሳውዝ ቤንድ ፕሮጀክት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን፣ ዛፎችንና አደባባዮችን ጨምሮ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል። ግን ያረጀ መብራት የሚቀየርበትና አስፋልት የሚታደስበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ጠብቆ አብሮ መለወጥ ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። ከወጪው ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው የቤት ዋጋ መጨመር ነው። የሉዊቪል ጥናት እንደ ድል የቆጠረው የዋጋ ጭማሪ ለባለቤት ደስታ፣ ለተከራይ ግን ስጋት ነው። ለሃምሳ ዓመት ጫጫታውንና አደጋውን ተሸክሞ የኖረ ሰው ጎዳናው ሲሰክን ኪራይ ተጨምሮበት ከሰፈሩ ቢወጣ በደሉ ሁለት ይሆናል። መፍትሔው ግን ጎዳናውን አደገኛ አድርጎ በመተው ኪራዩን ርካሽ ማድረግ ሊሆን አይችልም። ድሃ በሰላም መንገድ ለመሻገር መብት አለው፤ ኪራዩ የሚጠበቀው በቤት ፖሊሲ፣ በመንግሥት ድጋፍና በማኅበር ቤቶች ነው። ከተማ ሁለቱን ሥራዎች አብራ መጀመር አለባት።

እንግዲህ አንድ የከተማ ምክር ቤት የመንገድ ዕቅድ ሲቀርብለት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች መለወጥ አለባቸው። በሰዓት ስንት መኪና አለፈ የሚለው ይቆይ፤ ከእሱ በፊት ግን ስንት ሰው የሚፈልገው ቦታ ደረሰ? መኪኖቹ በመሐል ከተማ በምን ፍጥነት ይሄዳሉ? አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቱ ስንት ረድፍ ያቋርጣል? ሱቆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ደንበኛ ያገኛሉ? ጥቅሙን የሚወስደውና ጉዳቱን የሚሸከመው አንድ ሰው ነው? የሚሉት ይጠየቁ። እነዚህም ይቆጠራሉ፤ ለመቁጠርም ከመኪና አይከብዱም። በ1956 ለሃሚልተን ዕቅድ ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የተሰጣቸውን አንድ ጥያቄ በትክክል መልሰዋል። ስሕተቱ ጥያቄው አንድ ብቻ መሆኑ ነበር። ዛሬ ሰፋፊ መንገድ እየዘረጉ ያሉ ከተሞች የትኛውም አገር ይሁኑ ይህን ትምህርት ያገኙት በነፃ ነው፤ ዋጋውን ሌሎች ከፍለውበታል። አስፋልቱ ከመፍሰሱ በፊት ጥያቄውን ማስተካከል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቀስት ከመፋቅ በብዙ ይቀላል።